ከጀማ ሸለቆ ያመጣኋቸው ካልሳይቶች፦ አንዱ ቀይ ሲፈካ ሌላው ለምን ይጨልማል?

የጀማ ዳር ልጅ (ጥያቄውን ያቀረበ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው እነዋሪ ሲሆን ድንጋይ መሰብሰብ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። በጥር ወር አጎቴ ከብት ለመግዛት ወደ ጀማ ቆላ ሲወርዱ አብሬያቸው ወረድኩ። ከሜዳው ጫፍ ተነሥተን ጥቁሩን ድንጋይ ጨርሰን ነጩ ገደል ውስጥ ስንገባ፣ ከእግር መንገዱ በላይ በተናደ የኖራ ድንጋይ ላይ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ነጭ ሥር (በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የረጋ ማዕድን) ተጋድሞ አየሁ። የመሬቱን ባለቤት አስፈቅጄ ከወደቀው ፍርስራሽ ሁለት ቁራጭ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለ የዋሻ አፍ ደግሞ ውሃ ሲንጠባጠብ የሠራውን አንድ ቅርፊት ይዤ ወጣሁ።

ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ የሚሠራበት ማዕድን፣ መሆናቸውን በምችለው ሁሉ አረጋግጫለሁ። ጥፍር አይጭራቸውም፤ ቢላዋ ግን በቀላሉ ይጭራቸዋል። ሎሚ ጠብ ሳደርግባቸው ቀስ ብለው አረፋ ይሰጣሉ። ከሥሩ የመጡት ሁለቱ ሲሰበሩ የሚወጣው ቅንጣት ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ እንደተገፋ ሳጥን ያዘመመ ነው። ጥርት ያለውን ቅንጣት በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሳስቀምጠው «መ» የምትለው ፊደል ሁለት ሆና ታየችኝ፤ ድንጋዩን በቦታው ሳዞረውም አንዷ ባለችበት ስትቆም ሁለተኛዋ ዙሪያዋን ትዞራታለች። እስካሁን ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ደጋግሜ የተመለከትኩት ይህን ነው።

ጥያቄዬ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ሐሰተኛ ብር የሚለይባት ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት አለችው። ማታ የእህል ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋንና ሦስቱን ድንጋዮች በየተራ አበራንባቸው። የመጀመሪያው፣ ነጩ፣ ሮዝ ሆኖ ፈካ። ሁለተኛው፣ ማር የመሰለው፣ ምንም ሳይለወጥ ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ሰማያዊ ነጠብጣብ ታየበት። ሦስተኛው፣ የዋሻው ቅርፊት፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ብርሃን ሰጠ፤ መብራቱን ካጠፋነውም በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ማብራቱን ቀጠለ። ጓደኛዬ ደንግጦ እጄን ያዘኝ።

ሦስቱም አንድ ማዕድን ከሆኑ ልዩነቱ ከየት መጣ? የጨለመውስ ካልሳይት አይደለም ማለት ነው? ደግሞም የሚያበራ ድንጋይ ውድ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው?

ከመሐል ሜዳ

እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ስለ ዋጋው የጠየቅኸውን ብቻ ልመልስና ሌላውን ለሚያውቁት ልተው። ከሁለት ዓመት በፊት በገበያ ቀን አንድ ሻጭ በጨርቅ የተጠቀለለ ነጭ ድንጋይ አውጥቶ፣ ጋቢውን ከላዬ ደርቦ፣ እንዲህ ባለው መብራት ቀይ ሲበራ አሳየኝና «የሚያበራ አልማዝ ነው» ብሎ 4,000 ብር ተቀበለኝ። ቤቴ ገብቼ ቢላዋ ሳስነካው ተጫረ። አልማዝን ቢላዋ እንደማይጭረው አጥቼው አልነበረም፤ ብርሃኑን ሳይ መፈተኑን ረሳሁት። ስለዚህ ወንድሜ፣ አንተ አስቀድመህ በሎሚና በቢላዋ መጀመርህ ትክክል ነው። የሚያበራ ካልሳይት ለሰብሳቢ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለጌጥ ግን በጣም ለስላሳ ነው፤ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 3 ላይ የሚገኝ ማዕድን ቀለበት ላይ ብዙ አይቆይም።

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ብርሃን)

የጀማ ዳር ልጅ፣ ሦስቱን ለየብቻ አስተውለህ መጻፍህ መልሱን አቅልሎታል። ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ንጹሕ ካልሳይት በተግባር አያበራም ማለት ይቻላል። ካልሳይት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ካልሲየሙም ካርቦኑም ኦክስጅኑም የመብራትህን ጨረር ተቀብለው ወደሚታይ ብርሃን አይለውጡትም። የሚያበራው በውስጡ የገባው እንግዳ ነው። ክሪስታሉ ውሃ ውስጥ እየተገነባ ሳለ ለካልሲየም በተዘጋጀው ቦታ አልፎ አልፎ ሌላ ንጥረ ነገር ገብቶ ይቀመጣል፤ በካልሳይት ውስጥ ከእነዚህ እንግዶች ዋነኛው ማንጋኒዝ ነው። ብርቱካናማም ይሁን ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ የሚታይህ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ የእርሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለዓይን የማይታየው ጨረር ድንጋዩን ሲመታ ኃይሉን ለኤሌክትሮን ይሰጠዋል፤ ኤሌክትሮኑም ከነበረበት ደረጃ ከፍ ይላል። ወዲያው ግን የተቀበለውን ኃይል ከፊሉን ለዙሪያው ክሪስታል በሙቀት መልክ ይለቅና ዝቅ ይላል፤ ወደ ቀድሞ ቦታው ሲመለስ የተረፈውን በብርሃን ይለቀዋል። የሚወጣው ከገባው ያነሰ ስለሆነ የሞገዱ ርዝመት ይረዝማል፤ ስለዚህም የማይታየው ወደሚታይ ይለወጣል። በቁጥር ላስቀምጠው፦ 254 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) 4.9 ኤሌክትሮን ቮልት (የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ይይዛል፤ 620 ናኖሜትር ላይ የሚገኘው ብርቱካናማ ቀይ ደግሞ 2.0 ገደማ ብቻ ነው። አምስት ብር ከፍለህ ሁለት ብር እንደተመለሰልህ ቁጠረው፤ ሦስቱ ብር ድንጋዩን በጥቂቱ በማሞቅ ቀርቷል። ይህን ክስተት ፍሎረሰንስ ብሎ በ1852 እ.ኤ.አ. የሰየመው ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ ነው፤ ስሙን የወሰደውም እንዲሁ ከሚያበራ ሌላ ማዕድን፣ ከፍሎራይት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ እንምጣ። ማንጋኒዝ ብርሃን ለመስጠት የተዘጋጀ ቢሆንም ጨረሩን በራሱ ለመያዝ ደካማ ነው። ስለዚህ ረዳት ያስፈልገዋል። በካልሳይት ውስጥ በደንብ የታወቀው ረዳት እርሳስ ነው፤ የብረት ዓይነቱ እርሳስ ማለቴ ነው። እርሳሱ አጭሩን ጨረር (254 ናኖሜትሩን) ይቀበላል፣ ኃይሉን በአቅራቢያው ላለው ማንጋኒዝ ያቀብላል፣ ማንጋኒዙ ያበራል። በ1947 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች ይህን ያሳዩት ካልሲየም ካርቦኔትን በቤተ ሙከራ ራሳቸው ሠርተው ነው፤ ማንጋኒዝ ብቻ የገባበት በ254 ናኖሜትር ደካማ ሲሆን፣ ጥቂት እርሳስ ሲታከልበት ግን በደማቁ አበራ። እርሳስ ብቻም አይደለም፤ ሴሪየምን የመሰሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮችም ይህን የማቀበል ሥራ ይሠራሉ።

የጨለመው ሁለተኛው ድንጋይህ ካልሳይት ነው፤ ሎሚውና ስብራቱ መስክረዋል። ምናልባት ማንጋኒዝ አልገባበትም፤ ምናልባትም ገብቶ ብረት አፍኖታል። ብረት በካልሳይት ውስጥ ሲኖር ማንጋኒዙ ሊያበራው የነበረውን ኃይል ነጥቆ በሙቀት ያጠፋዋል። የማር ቀለሙ ወደዚህ ሁለተኛው ግምት ያደላል።

ሦስተኛው የተለየ ታሪክ አለው። ከዋሻ ጣሪያና ከገደል ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ በላይ ካለው አፈር የበሰበሰ ቅጠልና ሥር አሲዶችን ይዞ ይወርዳል፤ ካልሳይቱ ሲረጋ እነርሱም በየንብርብሩ ታስረው ይቀራሉ። ነጭ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጡትና መብራቱ ከጠፋ በኋላ ለሰከንዶች የሚቆዩት እነዚህ የአፈር አሲዶች ናቸው። ይህ የመቆየት ጠባይ ፎስፎረሰንስ ይባላል። የማንጋኒዙም ብርሃን መብራቱ እንደጠፋ ወዲያው አይሞትም፤ ነገር ግን የሚቆየው በመቶኛ ሰከንድ ስለሆነ ዓይንህ አይይዘውም።

ቀይ አፈር

መምህር፣ ሳላከብርዎ ቀርቼ አይደለም፤ ነገር ግን በሰሜን ሸዋ ቀይ የሆነ ነገር ሁሉ ከብረት እንደሚመጣ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። አፈሩን የሚያቀላው ብረት ነው፤ የምንጩንም ዳር የሚያዝገው እርሱ ነው። እርስዎ ደግሞ ብረት ብርሃንን ያጠፋል አሉ። ድንጋዩ ውስጥ የገባው ዝገት ሲበራበት ቀይ ሆኖ ታየ ብንል ምን ይጎድላል?

የሥነ ምድር ባለሙያ

ቀይ አፈር፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ የሚለየውም አንድ ነገር ነው። አፈሩ ቀይ የሚታየው የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ሌላውን ቀለም ውጦ ቀዩን ስለሚመልስ ነው። የጀማ ዳር ልጅ ክፍል ውስጥ ግን የሚመለስ ቀይ ብርሃን አልነበረም፤ ከመብራቱ የወጣው አልትራቫዮሌትና ጥቂት ሐምራዊ ብቻ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ቀዩን ራሱ አመነጨው እንጂ አልመለሰውም። ዝገት በጨለማ ክፍል ውስጥ በዚህ መብራት ቢታይ ጥቁር ይሆናል፤ የዛገ ማረሻ ወስደው ይሞክሩት።

መምህር ካሉት ላይ የቦታውን ታሪክ ልጨምር፤ ምክንያቱም እንግዳው ንጥረ ነገር ከየት እንደመጣ የሚነግረን እርሱ ነው። ከእነዋሪ ወደ ጀማ ሲወረድ መጀመሪያ የሚታለፈው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ይገኛል፤ ከዚያ በታች ያለው ነጩ ገደል አንታሎ የኖራ ድንጋይ የሚባለው ሲሆን ስሙን ያገኘው በትግራይ ከሚገኘው አንታሎ ነው። ይህ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ዛሬ ገደል የሆነው አገር በባሕር ተሸፍኖ በነበረ ጊዜ፣ ከዛጎልና ከባሕር ጭቃ የተሠራ ነው። ልብ ብሎ ያየ ሰው ዛጎሉን እስከ ዛሬ በገደሉ ላይ ያገኘዋል። በለሚ በኩል ለሲሚንቶ የሚቆፈረውም የኖራ ድንጋይ ነው።

የጀማ ዳር ልጅ ያገኘው ነጭ ሥር ግን ከገደሉ ድንጋይ በኋላ የመጣ ነው። ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ውሃ ገባበት፤ ውሃው የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ተሸክሞ በስንጥቁ ውስጥ እንደገና አረጋው። ውሃው በየዘመኑ የሚይዘው ነገር ይለያያል። ኦክስጅን ያለበት ውሃ ማንጋኒዝና ብረት አሟሙቶ አይሸከምም፤ ኦክስጅን ሲያልቅበት መጀመሪያ ማንጋኒዙ ይሟሟል፣ ይበልጥ ሲያልቅበት ብረቱ ይከተላል። በዚህ ምክንያት በአንድ ሥር ውስጥ እንኳ መጀመሪያ የረጋው ጨለማ፣ ቀጥሎ የረጋው ብሩህ፣ ኋላ የረጋው ደግሞ በብረት የታፈነ ሊሆን ይችላል። እኛ በሙያችን በኤሌክትሮን ጨረር እያበራን የኖራ ድንጋይን ንብርብሮች የምናነብበው ዘዴ ያረፈው በዚሁ በማንጋኒዝና በብረት ፉክክር ላይ ነው። በተራ ብርሃን አንድ ወጥ ነጭ የሚመስለው ክሪስታል በዚያ ጨረር ሲታይ እንደ ሽንኩርት ገላ ሽፋን በሽፋን ሆኖ ይገለጣል፤ ብዙ ዓመት ካየሁት በኋላም ዛሬ ድረስ ያስገርመኛል።

በዓለም ላይ በዚህ ነገር ከሁሉ የታወቀው ቦታ አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ የሚገኙት የፍራንክሊንና የስተርሊንግ ሂል የዚንክ ማዕድን ማውጫዎች ናቸው። የፍራንክሊኑ በ1954፣ የስተርሊንግ ሂሉ በ1986 እ.ኤ.አ. ቢዘጉም ስተርሊንግ ሂል ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። እዚያ ካልሳይቱ ብርቱካናማ ቀይ ሲያበራ በውስጡ የተበተነው ዊለማይት የተባለው የዚንክ ማዕድን በደማቅ አረንጓዴ ይመልሳል። የሚገርመው፣ የአረንጓዴውም ምክንያት ማንጋኒዝ ነው። አንድ ንጥረ ነገር በሁለት የተለያዩ ክሪስታሎች ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀለም ይሰጣል፤ ዙሪያውን የከበቡት አቶሞች አቀማመጥ ቀለሙን ይወስነዋልና።

የጀማ ዳር ልጅ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንድታደርግ እለምንሃለሁ፦ እያንዳንዱን ድንጋይ በየራሱ ወረቀት ጠቅልልና የተገኘበትን ቦታ፣ ከሥሩ ይሁን ከቅርፊቱ፣ በየትኛው መብራት ምን ቀለም እንዳሳየ ጻፍበት። ቦታው ያልተጻፈበት ድንጋይ ለሙያችን ግማሽ ዋጋውን አጥቷል።

የጀማ ዳር ልጅ

መምህር፣ የሥነ ምድር ባለሙያ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት የራሴን መብራት ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ሞከርኩት፤ ላዩ ላይ 365 ተብሎ ተጽፎበታል። ውጤቱ ግን አሳዘነኝ። ሦስቱም ድንጋዮች ሐምራዊ ሆኑብኝ፤ የሮዙም ብርሃን ጠፋ፤ ግድግዳውም እጄም ሐምራዊ ነው። ድንጋዩ ተበላሽቶ ይሆን?

መብራት ሰብሳቢ (ደብረ ብርሃን)

ድንጋይህ ደህና ነው፤ የተታለልከው በመብራቱ ነው። ክፍሉን በሙሉ ሐምራዊ የሚያደርግ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 395 ናኖሜትር አካባቢ የሚያበራ ነው፤ ምንም ተብሎ ቢጻፍበት። ያ ሐምራዊ ራሱ የሚታይ ብርሃን ስለሆነ ደካማውን የድንጋይ ብርሃን ይሸፍነዋል። እውነተኛው 365 ከፊቱ ጥቁር የሚመስል ማጣሪያ መስታወት ይኖረዋል፤ ያ መስታወት አልትራቫዮሌቱን አሳልፎ የሚታየውን ያስቀራል። ግድግዳው ላይ ስታበራው ከሞላ ጎደል ምንም ካላየህ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ስታደርገው ደግሞ ወረቀቱ በሰማያዊ ቦግ ካለ፣ መብራቱ ጥሩ ነው።

ሰብሳቢዎች የምንጠቀምባቸው ዋና ዋና ጨረሮች ሁለት ናቸው፤ ረጅሙ 365 እና አጭሩ 254። በመካከላቸውም 310 አካባቢ የሚሠራ አለ፤ እርሱ ግን እምብዛም አይገኝም። አንድ ካልሳይት በረጅሙ ጨልሞ በአጭሩ ሊነድድ ይችላል። መምህር የጠቀሱት እርሳስ የሚቀበለው አጭሩን ስለሆነ፣ ነጩ ድንጋይህ በገንዘብ መለያዋ መብራት ሮዝ ብቻ ከሆነ በ254 ምን እንደሚያሳይ ለማየት እጓጓለሁ። የትኛው ጨረር እንደሚሠራ ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ ተራ የመስኮት መስታወት ነው፤ 365ን ያሳልፋል፣ 254ን ግን ያግደዋል። መስታወቱን በመብራቱና በድንጋዩ መካከል ስታስገባ ብርሃኑ ከጠፋ የሠራው አጭሩ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ድንጋዮቹን በምን አጠብሃቸው? በዱቄት ሳሙና ከሆነ፣ ያ ሰማያዊ ነጠብጣብ ከድንጋዩ ላይሆን ይችላል። ልብስ የሚያነጣው ሳሙና ውስጥ የተጨመረው ነገር በአልትራቫዮሌት ሰማያዊ ነጭ ያበራል፤ ነጠላችሁን በመብራቱ ስር ብትዘረጉት ታዩታላችሁ። በስንጥቅ ውስጥ ሲቀር ብዙ ሰብሳቢ አሳስቷል፤ እኔንም ጭምር፤ አንድ ሙሉ መደርደሪያ በተሳሳተ ስም ጽፌ ለስድስት ወር አስቀምጬ ነበር።

የዓይን ክሊኒክ ነርስ

በዚህ ውይይት ላይ ከመቀጠላችሁ በፊት ስለ 254 ናኖሜትሩ መብራት መናገር ግዴታዬ ነው። ይህ ጨረር ክፍልና ዕቃ ከጀርም ለማጽዳት የሚያገለግለው ነው፤ ጀርሙን የሚገድለው ያው ጨረር የዓይንን ብሌን ፊት ያቃጥላል። ክፉነቱ በዚያው ሰዓት አለማመሙ ነው። ሰውየው ምሽት ድንጋዩን ሲያይ አምሽቶ ይተኛል፤ ሌሊት ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት መስሎት እያነባ ይነሣል። ያለ መከላከያ የበየዱ ልጆች በዚሁ ሕመም ወደ እኛ ሲመጡ በየጊዜው እናያለን፤ አንዱ እጄን ይዞ ዓይኔ ጠፋ እያለ ሲያለቅስ አስታውሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይድናል፤ ቢሆንም ማንም ሊቀምሰው የሚገባ ሕመም አይደለም።

ስለዚህ ዙሪያውን የሚሸፍን የፕላስቲክ መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ መብራቱን ወደ ድንጋዩ እንጂ ወደ ፊት አታዙሩት፤ እጃችሁንም በጓንት ሸፍኑ፤ ሕፃናት ባሉበት አታብሩት። ረጅሙ 365 ቀላል ቢሆንም በቀጥታ አፍጥጦ ማየት አይገባም። ማጽጃ አምፖሉን ገዝቶ ያለ ማጣሪያና ያለ መከለያ በቤት ውስጥ ማብራት ደግሞ ከቶ አይሞከር።

ከመዘዞ

የኛ አገር ኦፓል በዚህ መብራት ያበራል? ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል።

የሥነ ምድር ባለሙያ

ኦፓል ሲሊካና ውሃ ስለሆነ የዚህ ውይይት ወገን አይደለም፤ የሚያሳየው የቀለም ጨዋታም ከፍሎረሰንስ ጋር አይገናኝም። ያ ጨዋታ የሚመጣው እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች በሥርዓት ተደርድረው የተራውን ብርሃን ስለሚበትኑት ነው። በቀን ብርሃን የሚያምረው ኦፓል በአልትራቫዮሌት ስር ደብዛዛ ቢሆን አይደነቁ፤ ዋጋውም በዚህ አይቀንስም።

ቀይ አፈር

የዛገውን ማረሻ በመብራቱ ሞከርኩት፤ ጥቁር ሆነ። መምህርን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ግን ላክልበት፦ ወደ ቆላው የምትወርዱ ሰዎች ይህችን መብራት ለድንጋይ ብቻ አትያዟት። ባለፈው ሳምንት ከዘመዶቼ ጋር ጀማ ዳር አድረን ሳለ ከተቀመጥንበት ድንጋይ ሥር አንድ ነገር አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ አበራ፤ ቀርበን ስናይ ጊንጥ ነው። ዙሪያውን ስናበራ ሌሎች ሁለት አገኘን። ከዚያ በኋላ ማንም መሬቱን ሳያበራ አልተቀመጠም።

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ብርሃን)

ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር የለም፤ ጥያቄዎ ባይነሣ ኖሮ ብዙ አንባቢ ያንኑ እያሰበ ይቀር ነበር። የጊንጡ ነገር ትክክል ነው፤ የጊንጥ ቅርፊት በአልትራቫዮሌት ያበራል፤ ቅርፊቱን ገና የለወጠ ጊንጥ ግን አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ድረስ እምብዛም አይታይም፤ ስለዚህ በመብራቱ ብቻ አትተማመኑ።

የጀማ ዳር ልጅ

ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅርታ አድርጉልኝ። መብራት ሰብሳቢ እንደገመቱት ድንጋዮቹን ያጠብኩት በዱቄት ሳሙና ነበር። ሦስቱንም በንጹሕ ውሃ ደጋግሜ ካለቀለቅሁ በኋላ፣ ያልታጠበ አዲስ ገጽ ለማግኘት እያንዳንዱን በመዶሻ ከፈልኩትና ቅዳሜ ዕለት ደብረ ብርሃን ስወርድ መብራት ሰብሳቢ እቤታቸው ተቀበሉኝ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንን፤ መነጽርና ጓንት አደረግን፤ ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ አሥር ደቂቃ ያህል ቁጭ ብለን ጠበቅን። ይህን መጠበቅ ከዚህ በፊት አላደርገውም ነበር፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው።

በመጀመሪያ በ365 አየናቸው። ነጩ እንደበፊቱ ደብዘዝ ያለ ሮዝ ሆነ። የማሩ ቀለም ጨለመ፤ ሰማያዊው ነጠብጣብ ግን በአዲሱ ገጽ ላይ የለም፤ በአሮጌው ስንጥቅ ውስጥ ብቻ ነበር፤ እርሱም በጥጥ ሲጠረግ ወጣ። ሳሙና ነበር። የዋሻው ቅርፊት ነጭ ሰማያዊውን በአዲሱም ስብራት ላይ አሳየ፤ ሲጠፋ እየቆጠርን እስከ አራት ደረስን። ስብራቱን ከጎኑ ስናየው እንደ እንጀራ ተደራርበው የተቀመጡ ቀጫጭን ንብርብሮች ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ከሌሎቹ ደምቀው ያበራሉ። መምህር ስለ አፈሩ አሲድ የጻፉት እዚያው ተነባብሮ ታየኝ።

ከዚያ 254ቱን አበሩት። ነጩ ድንጋይ እንደ ከሰል ፍም ሆነ። ሮዝ አልነበረም፤ ብርቱካናማ ቀይ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ልጅም ከበሩ ውጭ ሆና «እሳት ነው?» ብላ ጠየቀች። የመስኮቱን መስታወት ቁራጭ በመካከል ስናስገባ ፍሙ ጠፋ፤ ስናወጣው ተመለሰ። ይህን ሰባት ስምንት ጊዜ ደጋግመነዋል፤ አንዳችንም ማቆም አልፈለግንም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ጨለማ ነው ብዬ ልጥለው የነበረው የማሩ ቀለም ነው። በ254 ስር አብዛኛው ገላው እንደጨለመ ቀረ፤ ከገደሉ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ በነበረበት በኩል ግን ከክር የማይወፍር ቀይ መስመር ዳሩን ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። የሥነ ምድር ባለሙያ እንዳሉት ከሆነ፣ ያ መስመር ስንጥቁ ሲከፈት መጀመሪያ የገባው ውሃ ያረጋው ነው፤ ብረቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በወረቀቱ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩበት፦ «ከእነዋሪ ወደ ጀማ መውረጃ፣ ከነጩ ገደል ሥር፣ በ365 ጨለማ፣ በ254 ዳሩ ብቻ ቀይ።» በግንቦት ተመልሼ ስወርድ ሥሩ ከገደሉ ጋር የተጣበቀበትን ቁራጭ ከነድንጋዩ ላመጣ አስቤያለሁ። መስመሩ በሁለቱም ዳር ካለ ለባለሙያው አሳያለሁ።